ሬዚደንቷ ያንኑ ልጅ ደግማ ትየው

ለጤና ሚኒስቴር፣ በየዩኒቨርሲቲው ላላችሁ የሕፃናት ሕክምና ትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ላስተማራችሁኝ ሲኒየሮቼ

ጤና ይስጥልኝ።

የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ስፔሻሊቲዬን ጨርሼ ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል እሠራለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ሬዚደንቶች፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች፣ በተመላላሽ ክፍል (ኦፒዲ) ስለሚማሩበት መንገድ።

ከአንዲት እናት ልጀምር። የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ሳለሁ ለአንድ ወር ኦፒዲ ተመድቤ ነበር። ልጇን አዝላ ገባች። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ፊቴን አየት አደረገችው። «ዶክተርዬ፣ አንቺም አዲስ ነሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያው ከመጀመሪያው ልንገርሽ» ብላ ጀመረች።

ልጇ የሚጥል በሽታ አለበት። በየወሩ ፌኖባርቢታል ልትወስድለት ትመጣለች። በየወሩ የሚያያት ግን ሌላ ሐኪም ነው። ታሪኩን እንደ ዳዊት በቃሏ ይዛዋለች። እሷ ስታወራ እኔ ካርዱን አገላብጥ ነበር። መድኃኒቱ ሲጀመርለት ልጁ 9 ኪሎ ነበር። በቀን 30 ሚሊግራም ታዘዘለት። ልክ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ3 ሚሊግራም ትንሽ ከፍ ይላል። ያን ቀን ስመዝነው 14 ኪሎ ሆኗል። መድኃኒቱ ግን ያው 30 ነው። ለኪሎ ሲካፈል ከሚያስፈልገው በታች ወርዷል። «ሰሞኑን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይጥለዋል» አለችኝ። ቀጥላም «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

እሷ ምንም አላጠፋችም። ካርዱ ላይ ያሉትን ፊርማዎች ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ ነበሩ። አሥራ አንዱም «መድኃኒቱ ይቀጥል» ብለው ፈርመዋል። የአንዳንዶቹን እጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ። ጎበዝ ልጆች ናቸው፤ ዋርድ ላይ፣ ሕፃናት ተኝተው በሚታከሙበት ክፍል፣ ለአንድ ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሚያድሩ። ግን ሁላችንም ለአንድ ወር መጥተን የምንሄድ ነበርን። ልጁ የማናችንም አልነበረም።

ሥልጠናችን ሦስት ዓመት ነው። ሦስቱን ዓመት የምናሳልፈው በአብዛኛው ዋርድ፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። እዚያ ትምህርት አለ። ጠዋት ሞርኒንግ የምንለው የሐኪሞች ውይይት አለ፣ ከዚያ በየአልጋው የምንዞርበት ራውንድ አለ፣ ሲኒየሩ አልጋው አጠገብ ቆሞ ይጠይቃል። ኦፒዲ ላይ ግን ሲኒየሩ ያለው ስልክ ላይ ነው። ከብዶሽ ከደወልሽ ያነሳል፤ ካልደወልሽ ማንም አይጠይቅሽም። ጓደኞቻችን «ኦፒዲ ነሽ? ተመቸሽ!» ይሉናል። ዲዩቲ (የሌሊት ተረኛ ሆኖ) ያደረ ሰው «ትንሽ ይረፍ» ተብሎ የሚመደበውም እዚያው ነው። እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሐኪም ኮሪደሩን ከሞሉ እናቶች ጋር ብቻውን ይቀመጣል። አንድ ልጅ ለማየት አምስት ደቂቃ ካገኘ ዕድለኛ ነው።

ተመርቄ ሥራ ስጀምር ያገኘሁት ዓለም ደግሞ የተገላቢጦሽ ነበር። የማያቸው ልጆች አብዛኞቹ አልጋ ላይ የተኙ አይደሉም። በእናታቸው ጀርባ መጥተው በእናታቸው ጀርባ የሚመለሱ ናቸው። ሳል፣ ተቅማጥ፣ «ምግብ እንቢ አለኝ»፣ ሽፍታ፣ «ሌሊት ይባንናል»፣ «እኩዮቹ ይሄዳሉ እሱ አይሄድም»። ሲፓፕ የሚባለውን የመተንፈሻ ማገዣ መግጠም አውቃለሁ። በስኳር ኮማ የገባችን ልጅ ሰዓት በሰዓት ተከታትሎ ማንቃት አውቃለሁ። ላስተማሩኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በዚያ የዳኑ ልጆች አሉ። የማላውቀው ሌላ ነገር ነበር። ሽሮፕ ፈልጋ የመጣችን እናት ያለ ሽሮፕ፣ ግን አምናኝ እንድትሄድ ማድረግ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሳያስፈልግ አሞክሳሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ አዝዝ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የጀመርነው።

የአገራችን ሕፃናት ሞት እንዴት እንደቀነሰ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2019ኙ ጥናት ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። ይህ ለውጥ በአብዛኛው የመጣው ከሆስፒታል አልጋ አይደለም። ክትባት ነው። ጡት ማጥባት፣ ኦአርኤስና ዚንክ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞራቸው ነው። በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶች የተቀናጀውን የሕፃናት ሕመም መመሪያ ከፍተው ትንፋሽ መቁጠራቸው ነው። ያው በ2019ኙ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው አጭር ናቸው። መቀንጨር ደግሞ ዋርድ ውስጥ አይድንም። ወር በወር እየመዘነ፣ እየለካና እየመከረ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል።

ታዲያ የሕፃናት ስፔሻሊስት ስናሠለጥን ይህን ሥራ ለምን እንደ ትርፍ ሥራ እናየዋለን?

አንድ የራሳችን ታሪክ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሠሩትን ጥናት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ሳንባ ምች የያዛቸው 500 ልጆች ታይተው 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ፀሐይ ከማጣት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ ነው። ሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ልጆች ደግሞ 20ዎቹ ብቻ። ፀሐይ በሞላበት አገር! ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕፃኑ ምች እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት እየተባለ በነጠላና በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ቤት ውስጥ ይከርማል። ደረቱ የለሰለሰ ልጅ ሳንባ ምች ሲይዘው ዋርድ እናስተኛዋለን፣ ኦክስጅን እንሰጠዋለን፣ ራውንድ ላይ እንወያይበታለን። ዋናው ቃል ግን ቀደም ብሎ መነገር ነበረበት። ያቺ እናት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ለክትባት መጥታ ነበር። ሦስቴ በራችን ላይ ቆማለች። እኔ በሦስት ዓመት ሥልጠናዬ አንድም ቀን ክትባት ክፍል ተቀምጬ አላውቅም። ሕፃን ከነጠላ ውስጥ እንዲወጣ አያትየውን ጭምር ማሳመን እንዴት ከባድ እንደሆነ ያወቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። «ፀሐይ አሙቁት» ማለት ብቻ አይበቃም። ስንት ሰዓት ላይ፣ የት፣ ምን አውልቃ እንደምታሞቀው ካልተነጋገርሽ፣ ስለ ምች ያላትን ፍርሃትም ከልብ ካላዳመጥሻት፣ እቤት ስትደርስ ትሸፍነዋለች።

አሁን የራሴን ስህተት ልናገር።

አንድ አባት የሁለት ዓመት ተኩል ልጁን ይዞ መጣ። ልጁ አይናገርም። ኮሪደሩ ሞልቷል፣ ሰዓቱ ስድስት ሊሆን ነው። ልጁ ሳቂታ ነው፣ ይሯሯጣል፣ ዓይን ለዓይን ያያል። «አይዞዎት፣ ወንድ ልጅ አንዳንዴ ይዘገያል፤ ይናገራል» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ዋርድ ላይ አገኘሁት፤ ልጁ ሳንባ ምች ይዞት ተኝቷል። አባቱ አወቀኝ። «እስካሁን አልተናገረም እኮ ዶክተር» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ለጆሮ ምርመራ ላክነው። ልጁ አይሰማም።

ያልተናገረ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር የሚለውን አውቀዋለሁ። ፈተና ላይ በትክክል መልሼዋለሁ። እዚያች ክፍል ውስጥ ግን ከጎኔ ቆሞ «ለምን ይዘገያል አልሽ?» ያለኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ልጁ ሳንባ ምች ባይዘው ኖሮ፣ እኔም በዚያ ወር ዋርድ ላይ ባልመደብ ኖሮ፣ ስህተቴን መቼም አላውቀውም ነበር። ዛሬም ለሌላ አባት «ይዘገያል» እል ነበር።

ዋርድ ላይ ማታ ያዘዝኩትን ጠዋት አየዋለሁ። ትኩሳቱ ወረደ ወይስ አልወረደም፣ ፊት ለፊቴ ነው። ኦፒዲ ላይ ግን ያዘዝኩትን ይዛ ትወጣለች። ተሻለው? ባሰበት? ፀበል ወሰደችው? ሌላ ክሊኒክ ሄደች? ብትመለስም የምታገኘው ሌላ ሰው ነው። ትምህርቴን እሷ ይዛው ሄዳለች ማለት ነው። ልጅ ሕክምና ደግሞ ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። አድጓል ወይስ ቆሟል የሚለውን አንድ ቀን አይቶ ማንም አይናገርም።

ደግ ነገርም አይቻለሁ። አንዲት ሲኒየር ነበሩ። ሐሙስ ከሰዓት ኦፒዲ ይመጣሉ፤ የራሳቸውን በሽተኛ አይቀበሉም፤ ወንበር ስበው ከጎናችን ይቀመጣሉ። አንድ ቀን የአሥራ አራት ወር ልጅ ሦስት ቀን ያሳለው ይዛ አንዲት ወጣት እናት መጣች። መርምሬ ነገርኳቸው። «ምን ይመስልሻል?» አሉኝ። ጉንፋን ይመስለኛል አልኩ። «በምን አወቅሽ?» መልሴ ደከም ያለ ነበር። «ትንፋሹን ቆጥረሻል?» አልቆጠርኩም። «እሺ፣ ሌላም ልጠይቅሽ። ይህቺ እናት ምን ፈርታ ነው የመጣችው?» ይህንንም አላውቅም። ተመልሼ ጠየቅኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። የመጀመሪያ ልጇ በሳንባ ምች ሞቶባታል። «ያንንም እንዲሁ ነበር የጀመረው» አለች።

ሲኒየሯ ልጁን እናቱ ጭን ላይ እንዳለ፣ ሳያለቅስ፣ ልብሱን ገለጥ አደረጉና ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ አብረን ቆጠርን። 36። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ፈጣን የምንለው። የደረቱ የታችኛው ክፍልም ወደ ውስጥ አይሰረጉድም። ይህንን ለእናትየው አሳዩዋት። ደረቱ ላይ እጇን አስቀመጡላት። «እንዲህ ከሆነ ደህና ነው። እንዲህ ብሎ ከፈጠነ፣ ወይ ከተሰረጎደ፣ ወይ ጡት እንቢ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን አምጪው» አሏት። ለጉሮሮው ማር በሞቀ ውሃ፣ ቀጠሮ ደግሞ ለሚቀጥለው ሐሙስ። ያለ ሽሮፕ ሄደች። ፊቷ ግን ስትገባ እንደነበረው አልነበረም። ሁሉም አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ስትወጣ ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ፦ «ፍርሃቷን ሳታገኚ መድኃኒት አትጻፊ።» ከዚያ የሚቀጥለው ልጅ ገባ።

እኚያ ሲኒየር ማንም አላስገደዳቸውም። በራሳቸው ፈቃድ ነበር የሚመጡት። ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወሩ ሐሙስ ከሰዓትም አብሮ ቀረ። የምለምናችሁ ይህ ነገር በአንድ ሰው ደግነት ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ነው።

እንዲህ ይሁን። ሬዚደንቷ ከገባችበት ወር ጀምሮ እስክትመረቅ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን የራሷ ክሊኒክ ይኑራት። ቀኑ አይቀየር። ማክሰኞ ከሰዓት ከተባለ ሦስት ዓመት ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ ዋርድም ትሁን ጨቅላ ክፍል ያን ሰዓት ትለቀቅ፣ ስልኳም አይጠራ። ዲዩቲ ያደረችበት ማግስት እንዳይሆን ከአሁኑ ይታሰብበት። በቀጠሮ ካርዱ ላይ ከቀኑ ጎን የሐኪሟ ስም ይጻፍ። ይህቺ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለዚያች አሥራ አንድ ሐኪም ለተፈራረቀባት እናት ግን ትልቅ ነገር ነበረች።

ማንን ታያለች? ከዋርድ ራሷ ያስወጣቻቸውን ልጆች። ያለ ቀኑ ተወልዶ ከጨቅላ ክፍል የወጣውን። የሚጥል በሽታ ያለበትን፣ ኩላሊቱን የሚታከመውን፣ ለልቡ በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን የሚወጋውን። ከእነዚህ ጋር ደግሞ ጤነኛ ልጆች ይሰጧት። በገባች በመጀመሪያው ወር ከክትባት ክፍል ጥቂት አራስ ሕፃናት ትውሰድ። ሲያድጉ አብራ ትይ፦ ሲገለበጡ፣ ሲቀመጡ፣ ሲድኹ፣ በዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባት ሲወስዱ፣ በአሥራ አምስት ወር ሲደግሙ፣ «እማ» ሲሉ። ስትመረቅ ልጆቹ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ጤነኛ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ በእጇ ያላየች ሐኪም የቆመውን ዕድገት ከየት ታውቀዋለች? ተመርቃ ስትሄድም ልጆቿን ለአዲሷ የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት በስም ታስረክብ።

ሲኒየሩ ክፍሉ ውስጥ ይሁን። የራሱን በሽተኛ እያየ በበር ብቅ የሚል ሳይሆን፣ ለማስተማር የተመደበ። ሰዓቱም እንደ ማስተማሪያ ሰዓት ይቆጠርለት፤ አለበለዚያ በነጻ አገልግሉ ማለታችን ነው፣ የሲኒየሮች ኑሮም ቀላል አይደለም። በወር አንዴ ሬዚደንቷ አንድ እናት ከመግባቷ እስከ መውጣቷ ስታነጋግር ዝም ብሎ ይያት። ሎግ ቡካችን፣ የሥልጠና መዝገባችን፣ ስንት የጀርባ ውሃ እንደቀዳን፣ ለስንት ሕፃን ቱቦ እንዳስገባን ይቆጥራል። ከእናት ጋር ስንነጋገር ግን ሙሉውን ያየን ሲኒየር የለም። የመጨረሻው ፈተናም ዋርድ ላይ ብቻ አይሁን፤ ተማሪ የሚፈተንበትን ነው የሚያጠናው።

አሜሪካ የሕፃናት ሬዚደንሲን የሚመዝነው አካል በዓመት ቢያንስ 36 ግማሽ ቀን እንዲህ ባለ ተከታታይ ክሊኒክ እንዲያልፍ ሲጠይቅ ኖሯል። እዚያ የሠለጠኑ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቋቸው። የእኛ ግን የእኛን ይምሰል። ከግማሽ ቀኖቹ ጥቂቱ ጤና ጣቢያ ቢሆን እወዳለሁ። ነርሷ መመሪያውን ከፍታ ስትሠራ ከጎኗ ትቀመጥ። ሪፈር ወረቀቱ ከየት እንደሚነሳ ትይ። ነገ ስፔሻሊስት ሆና ያንን ጤና ጣቢያ እንድትደግፍ ነው የምትመደበው።

የሚነሳውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ሬዚደንቷ ስድስት ልጅ በእርጋታ ስታይ ኮሪደር ላይ ያለውን ማን ያየዋል?» እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሆስፒታሎቻችንን የሚያንቀሳቅሱት ሬዚደንቶች ናቸው። ግን እንቁጠረው። 20 ሬዚደንት ያለው ክፍል በሳምንቱ አምስት ቀናት ከሰዓት ላይ ቢያካፍላቸው በእያንዳንዱ ቀን ከሰዓት የሚጎድሉት አራት ናቸው። አራት ሬዚደንት ለአንድ ሲኒየር ይበቃል። ሁለት ክፍል፣ መጋረጃ፣ ሚዛን፣ የቁመት መለኪያ፣ የክንድ መለኪያ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት። ማሽን የሚያስገዛ ነገር የለውም። ኮሪደሩን ከሚሞሉት ውስጥ ደግሞ ስንቶቹ ባለፈው ሳምንት መጥተው ያልተፈታላቸው ናቸው? ያ 30 ሚሊግራም የሚወስደው ልጅ በየጊዜው ጥሎት ድንገተኛ ይመጣ ነበር። መጠኑ ሲስተካከል ድንገተኛ መምጣቱን ተወ። ይህን ያወቅኩት በራሴ ጥያቄ እናትየውን በእኔ ስም ደግሜ ስለቀጠርኳት ነው። በሁለተኛው ቀጠሮ ስትገባ ከመጀመሪያው አልጀመረችም። «እንደነገርሽኝ ሰጠሁት» ብላ ነው የጀመረችው።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማድረግ ካቃተ በዘንድሮ ገቢዎች ብቻ ጀምሩ። አንድ ትምህርት ክፍል ይሞክረው፣ ሌላው ይየው።

እኔም ከወሬ ያለፈ ድርሻ ልያዝ። የምሠራበት ሆስፒታል ኃላፊዎችን አነጋግሬ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ረቡዕ ከሰዓት የክትትል ክሊኒክ አለኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግን ሦስት ወንበር ይይዛል፣ አንዱ ባዶ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወጣ ብሎ ለሚሰጥ ሥልጠና ሬዚደንት የምትልኩልኝ ከሆነ፣ መጀመሪያ የማስተዋውቃት አንድ ልጅ አለ። አሁን አራት ዓመት ሆኖታል፣ ከልቡ ችግር ጋር ነው የመጣው፣ በየወሩ እየመጣ በሩን ራሱ ነው የሚያንኳኳው። ቀጠሮው የሚቀጥለው ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሕፃናት ሐኪም